አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ክሪፕቶኮሪን፦ ብርሃኑ ደብዛዛ ለሆነ አኳሪየም የቱን ተክል፣ በምን መልኩ እንግዛ?

በዝግታ የሚያድግ የውሃ ተክል ስትገዙ ገንዘባችሁ የሚሄደው ለቅጠሉ ሳይሆን ለራይዞሙ ነው። ራይዞም እንደ ዝንጅብል አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ ነው፤ ከላይ ቅጠል፣ ከታች ሥር ያወጣል። አኑቢያስ ናና ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንድ ቅጠል ቢያወጣ ነው። እንግዲህ አሥራ አምስት ቅጠል ያለውን ተክል የገዛ ሰው፣ ሦስት ቅጠል ያለውን ከገዛው ቢያንስ ስምንት ወር ቀድሞ ይጀምራል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የዋጋቸው ልዩነት እጥፍ እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግምገማ በሙሉ የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው።

መመዘኛችን የተለመደው 60 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነው ባለ 54 ሊትር አኳሪየም ነው። አንድ የውስጥ ፊልተር አለው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር የለውም። መብራቱ በድምሩ ከ600 እስከ 900 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚሰጥ ኤልኢዲ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሉመን ሲደርሰው ደብዛዛ ብርሃን እንለዋለን፤ ከዚያ በላይ የሆነው የሌላ ዓይነት ተክልና የሌላ ዓይነት ድካም ነው።

የሚሸጡበት መልክ

አንድ ዓይነት ተክል በሦስት መልክ ለገበያ ይቀርባል። በትንሽ ፕላስቲክ ማሰሮ፣ በታሸገ ግልጽ ኩባያ፣ አለዚያም እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ። የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ተክሉ ዓይነት ይለያያል።

የማሰሮው ተክል ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ከውሃ በላይ፣ በእርጥብ አየር ያደገ ነው። ሥሩ ግራጫ ሱፍ በሚመስል ነገር ተጠቅልሎ ይመጣል። ጥቅሙ ራይዞሙ ትልቅ መሆኑ ነው፤ ለአኑቢያስና ለጃቫ ፈርን ያለ ማመንታት ይህን እንመክራለን። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀንድ አውጣና አልጌ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛና የባሰው፣ አንዳንድ ጊዜ ራይዞሙ ራሱ ሱፉ ውስጥ ተጠቅጥቆ ሳምንታት ስለሚቆይ ከታች በስብሶ ከላይ ግን ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ማሰሮውን ከውሃ አውጡና ራይዞሙን በጣታችሁ ጫን በሉት። ደህናው እንደ ትኩስ ዝንጅብል ጠጣር ነው። ለስለስ ካለ፣ ቡናማ ሆኖ ጣት ላይ ከተጣበቀ ወይም ከሸተተ መልሱት። አንዱን ቅጠል ከሥሩ ቀስ አድርጋችሁ ስትስቡት ሳይታገል ከወጣም እንደዚያው ነው፤ በቅናሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት፤ ብስባሹ ወደ ደህናው ክፍል ይዛመታልና።

የታሸገው ኩባያ ቤተ ሙከራ ውስጥ በጄል ላይ የተባዛ ተክል ነው። በዴንማርክ በ1970 የተመሠረተው ትሮፒካ «ዋን ቱ ግሮው» በሚል ስም የሚያወጣቸው ኩባያዎች በዚህ መስክ በሰፊው የታወቁ ናቸው። ቀንድ አውጣ የለባቸውም፣ አልጌ የለባቸውም፣ ፀረ ተባይም አልነካቸውም፤ ሽሪምፕ ለሚያረባ ሰው ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ውስጣቸው ያሉት ቡቃያዎች የጥፍር ያህል ናቸው። ለክሪፕቶኮሪን ኩባያው ግሩም ነው፤ አንዱ ተከፋፍሎ ስምንት ወይም አሥር ቦታ ይተከላልና። ለአኑቢያስ ግን ከሦስቱ ደካማው ምርጫ ይኸው ነው፤ የጥፍር ያህሉ ናና ዓይን የሚሞላ ተክል እስኪሆን ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል፤ በዚህ መካከል ቅጠሉ ላይ አልጌ ከተቀመጠበት የሚቋቋምበት ጉልበት የለውም።

ኩባያ ከገዛችሁ ጄሉን ለብ ባለ ውሃ በጣታችሁ እያሻሻችሁ ሙሉ በሙሉ አጥቡት። የቀረ ጄል ስኳር ስላለበት በሁለት ቀን ውስጥ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ከመግዛታችሁ በፊትም ኩባያውን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱ፤ ጄሉ ላይ ነጭ ጸጉር ወይም ደመና የመሰለ ነገር ካለ ማሸጊያው ተበላሽቷል።

እንጨት ላይ የተጣበቀው ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ገንዘቡ ተገቢ የሚሆነው ሥሩ በእርግጥ እንጨቱን ከያዘ ብቻ ነው። ለመለየት ቀላል ነው፤ ተክሉን በትንሹ ወዝወዝ አድርጉት። ሥሩ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ከሄደ ወራት የተለፋበት ነው። ነጭ የሙጫ ጠብታ ብቻ ከታየ ግን ሻጩ ትናንት ያጣበቀውን ሥራ ነው የምትገዙት፤ እሱን ቤታችሁ በአምስት ደቂቃ ትሠሩታላችሁ።

አኑቢያስ ባርተሪ ናና

ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው ይህ ነው። አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ሲሆን ናና የተባለው ድንክ ዓይነት ከካሜሩን የተገኘ ነው። ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ሊቅ ሾት በ1857 ስሙን ሲያወጣለት ከጥንት ግብፃውያን የሙታን አምላክ ከአኑቢስ ወሰደ። በተፈጥሮ ቦታው በወንዝና በጅረት ዳር፣ ጥቅጥቅ ካለ ጫካ ጥላ ሥር፣ ድንጋይና ግንድ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። እንክብካቤው በሙሉ ከዚህ ይመነጫል፦ ጥላ ስጡት፣ ድንጋይ ስጡት፣ ራይዞሙን አትቅበሩት።

አብዛኛው አኑቢያስ የሚሞተው በመቀበር ነው። ገዢው «ተክል ነው» ብሎ ጠጠር ውስጥ ይተክለዋል፤ የታፈነው ራይዞም ይበሰብሳል፤ ከሁለት ወር በኋላ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተነቅለው ይንሳፈፋሉ። ሥሩ ጠጠር ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም። ራይዞሙ ግን ከነሙሉ ጀርባው ውሃ ውስጥ መታየት አለበት።

አጣበቁ እንዲህ ነው። ግራጫውን ሱፍ በወረንጦ እየለቀማችሁ አውጡ፤ የቀረውን በቧንቧ ውሃ እጠቡ። ረጃጅሞቹን ሥሮች በመቀስ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር አሳጥሩ፤ አሮጌው ሥር ድንጋይ አይዝም፤ የሚይዘው አዲሱ ነው። ድንጋዩን አድርቁ። ጄል የሆነውን ሱፐር ግሉ፣ ማለትም ሳያኖአክሪሌት መሆኑ የተጻፈበትን፣ የአተር ፍሬ በምታህል ሁለት ጠብታ ድንጋዩ ላይ አድርጉና የራይዞሙን ሆድ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ከዚያ ወዲያው ውሃ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ይህ ሙጫ እርጥበት ሲያገኝ ነው የሚደርቀው። ፈሳሹ ሱፐር ግሉ ስለሚፈስስ አይመችም። ነጩ ጠባሳ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሥርና በአልጌ ይሸፈናል። ሙጫ ለማይወድ የልብስ ስፌት ክር ይበቃዋል፤ ግን ፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር ውሃ ውስጥ በአንድ ሁለት ወር ይበሰብሳል፤ አኑቢያስ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ድንጋዩን አጥብቆ ላይይዝ ይችላል።

ስለ ድንጋዩም አንድ ነገር። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ለመንገድና ለግንባታ የሚጫነው ባለ ቀዳዳ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሬድ አሽ የምንለው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ሥሩ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ውሃውንም አያጠነክረውም፣ ማለትም ኖራ አይጨምርበትም። ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡትና አንድ ጊዜ አፍሉት። ምንነቱን የማታውቁት ድንጋይ ከሆነ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ውሃውን ያጠነክራል።

አኑቢያስ ላይ የሚመጣው ሁለተኛው ጣጣ አልጌ ነው፤ ምክንያቱን መረዳት ከመድኃኒቱ ይበልጣል። ቶሎ የሚያድግ ተክል አሮጌውን ቅጠል ጥሎ በአዲስ ይተካዋል። የአኑቢያስ ቅጠል ግን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ እዚያው ይቆያል፤ መብራቱ በረታ ማለት አልጌው የሚቀመጥበት ወንበር ተዘጋጀለት ማለት ነው። ተክሉ «አላድግ አለ» ብሎ መብራት የሚጨምር ሰው የሚያገኘው ቅጠሉ ላይ የተለጠፈ ጠንካራ አረንጓዴ ነጠብጣብ ነው። በጣት ጥፍር እንኳ የማይለቅ ዓይነት ነው። መፍትሔው መብራቱን ከስምንት ሰዓት ወደ ስድስት ማውረድና ተክሉን ከመብራቱ ቀጥታ ሥር ማንሣት ነው። ጥቁር ጺም የመሰለው አልጌ ከሆነ ደግሞ ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይሠራል። ለ4 ሊትር ውሃ ከ1 ሚሊ ሊትር አይብለጥ፤ ለ54 ሊትሩ አኳሪየም 12 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ፊልተሩን አጥፉ፣ በሲሪንጅ ቀጥታ አልጌው ላይ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ፊልተሩን አብሩና የውሃውን ሲሶ ቀይሩ። ጺሙ በሚቀጥሉት ቀናት ወደ ሐምራዊነት ከዚያም ወደ ነጭነት ይለወጣል። ሞስ (እንጨትና ድንጋይ ላይ የሚነጠፍ ጥቃቅን ለስላሳ ተክል) ያለበት አካባቢ ግን አትርጩት።

ብስባሹ ከታየባችሁ ደግሞ አትዘግዩ። ተክሉን አውጡት፤ ቡናማውን ክፍል በአዲስ ምላጭ፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጠጣር ሥጋ እስኪታይ ድረስ ቁረጡ፤ በየቁርጡ መካከል ምላጩን በአልኮል ጥረጉ። ሦስት ቅጠል ያለው ጤነኛ ቁራጭ ከተረፈ ተክሉ ይድናል።

ፍርዳችን፦ በማሰሮ፣ ከአሥር ቅጠል በላይ ያለውን ግዙ። ከአምስት አምስት ነጥብ የምንሰጠው ብቸኛው ተክል ነው። ጎልድ ፊሽ ላለው ሰውም ከጥቂቶቹ አማራጮች አንዱ ይኸው ነው፤ ቅጠሉ ጠንካራና መራራ ስለሆነ ቢቀምሱትም ይተዉታል።

ጃቫ ፈርን

የደቡብ ምሥራቅ እስያ ተክል ነው፤ እሱም ባለ ራይዞም ነው፤ አጣበቁም ያው ነው። ከአኑቢያስ ይልቅ ይረዝማል፤ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ ከኋላ ይቀመጥ። ጫፉ እንደ ዳንቴል የተከፋፈለው «ዊንዴሎቭ» የተባለው ዓይነት የተሰየመው በትሮፒካ መሥራች በሆልገር ዊንዴሎቭ ነው። አጠር ስለሚል ለ54 ሊትር አኳሪየም ከተራው ይልቅ እሱ ይስማማል።

ብዙ ሰው ይህን ተክል የሚጥለው ሳይሞት ነው። ከቅጠሉ ሥር በረድፍ የተደረደሩ ጥቁር ቡናማ ነጥቦች በሽታ ሳይሆኑ የፈርን ዘር መያዣዎች ናቸው። አሮጌ ቅጠል ጫፉ ላይ ጠቁሮ ጥቃቅን ሥርና ቅጠል ካበቀለም ልጅ እየወለደ ነው፤ ልጁ 3 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ቆንጥራችሁ ሌላ ድንጋይ ላይ አጣብቁት። በአንጻሩ ቅጠሉ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ሲል፣ ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ሲሳሳ፣ ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የፖታሲየም እጥረት ነው። የዓሣ ምግብና ኩስ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይሰጣል፤ ፖታሲየም ግን በቂውን ያህል አይሰጥም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። 10 ግራም ፖታሲየም ሰልፌት በግማሽ ሊትር ውሃ አሟሙ። ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር በሳምንት አንድ ጊዜ 50 ሊትር ውሃ ላይ ስትጨምሩ በሊትር ወደ 1.8 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ይሆናል። የተበሳው ቅጠል አይጠገንም፤ የምትመለከቱት ከዚያ በኋላ የሚወጣውን አዲሱን ነው፤ እሱም ከስድስት ሳምንት በፊት አይናገርም።

ፍርዳችን፦ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሹ የተቀነሰው ማጓጓዝ ስለማይወድ ነው። መንገድ ላይ የታጠፈ ቅጠል እጥፋቱ ላይ ይጠቁራልና ስትገዙ ቅጠሉ ያልተሰበረውን ምረጡ።

ክሪፕቶኮሪን ዌንድቲ

ከስሪ ላንካ የመጣ ነው፤ እስካሁን ከተባለው ሁሉ በተቃራኒ ይህ የሚተከለው ጠጠር ውስጥ ነው። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር፣ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ምግቡን የሚወስደው በሥሩ ስለሆነ ከየተክሉ ሥር አጠገብ አንድ የማዳበሪያ እንክብል በወረንጦ ቅበሩ፤ በየሦስት ወሩ ድገሙት። እንክብሉ ላዩ ላይ ከቀረ ግን አሞኒያ ወይም ፎስፌት ወደ ውሃው ስለሚለቅ እስከ ታች ድረስ ይግባ።

ስለ ክሪፕቶኮሪን ሻጮች ሊነግሯችሁ የሚገባው፣ ብዙ ጊዜም የማይነግሯችሁ፣ መቅለጡ ነው። አዲስ ቤት ከገባ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልሞ ይሟሟል። ብርሃን ሲለወጥ፣ ሙቀት ሲዘል፣ የውሃው ዓይነት ሲቀየር፣ ከቦታው ሲነቀልም ያው ነው። ሥሩ ግን በሕይወት አለ። የቀለጠውን ቅጠል ከሥሩ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ውሃውን እንዳያበላሽ፤ ተክሉን ግን አትንቀሉት፤ ቦታም አትቀይሩለት። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ ቅጠል ያወጣል፤ ይህኛው ውሃ ውስጥ የተወለደ ስለሆነ ይጸናል። ሞተ ብሎ ነቅሎ የጣለው ሰው ነው የሚከስረው።

ለዚህ ተክል ኩባያውን እንመርጣለን። ማሰሮው ውስጥ ያለው ትልቅ ቅጠል የመቅለጡ ዕጣ ስለማይቀርለት ለቅጠሉ ከፍሎ ማምጣት ትርፉ ትንሽ ነው። ከአምስት አራት።

ቦልቢቲስ ሄውደሎቲ

የአፍሪካ ውሃ ፈርን ይሉታል፤ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አገራችንን የሚነካው ተክል ይኸው ነው፤ የተፈጥሮ ክልሉ ከኢትዮጵያ እስከ ሴኔጋል፣ ወደ ደቡብም እስከ ሰሜናዊ ደቡብ አፍሪካ ይዘረጋል። የሚኖረው በሚፈስስ ንጹሕ ጅረት ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ነው። ቅጠሉ ብርሃን ሲያልፍበት እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከሁሉም ውብ ነው ብንል አናጋንንም።

ሆኖም ለጀማሪ አንመክረውም። ደብዛዛ ብርሃን ይበቃዋል፤ የቆመ ውሃ ግን አይችልም። የፊልተሩ መውጫ ቀጥታ የሚነካው ቦታ ላይ አስቀምጡት፤ ቅጠሉ ሁልጊዜ ቀስ ብሎ መወዛወዝ አለበት። ለስላሳ፣ ማለትም ኖራው ያነሰ ውሃ ይወዳል። ከተጣበቀ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ምንም ሳያሳይ ተቀምጦ አሮጌ ቅጠሉ ሊጠቁር ይችላል። ራይዞሙ ጠጣር እስከሆነ ድረስ ጠብቁት። ከአምስት ሦስት ተኩል፤ ውሃው በኃይል የሚፈስስበት አኳሪየም ላለው ሰው ግን አራት ተኩል።

ቡሰፋላንድራና ሞስ

ቡሰፋላንድራ የቦርኒዮ ደሴት ተክል ነው። ቅጠሉ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚያብለጨልጭ፣ ከአኑቢያስም የበለጠ ዘገምተኛ፣ ዋጋውም የተጋነነ ነው። ከጫካ ተነቅሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ስለሚቀልጥና ተፈጥሮውንም ስለሚያራቁት፣ ከገዛችሁ በኩባያ የተባዛውን ብቻ ግዙ። አኳሪየሙ ስድስት ወር ሳይሞላው አትሞክሩት።

ጃቫ ሞስ ደግሞ ርካሽና የማይሞት ነው። እፍኝ የማይሞላ ሞስ ይበቃል፤ በመቀስ አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ እንጨት ላይ በስሱ በትኑና በጥጥ ክር እሰሩት። አወፍራችሁ ካሰራችሁት ከሥር ያለው ብርሃን አጥቶ ይበሰብሳል፤ የላይኛውም ተገንጥሎ ይንሳፈፋል።

ተክል ያልሆነ የውሃ ተክል

ይህን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ላኪ ባምቡ፣ ፒስ ሊሊ፣ ሲንጎኒየምና አግላኦኔማ በአኳሪየም መደርደሪያ ላይ «የውሃ ተክል» ተብለው ሲሸጡ ይታያሉ። ሁሉም የቤት አበባ ናቸው። ሥራቸው ውሃ ውስጥ፣ ቅጠላቸው አየር ላይ ሲሆን ደስ ብሏቸው ይኖራሉ፤ ሙሉ በሙሉ ከሰጠሙ ግን ለጥቂት ወራት ደህና መስለው ቆይተው ይበሰብሳሉ፤ ውሃውንም ይዘው ይበላሻሉ። መለያው ግንዱ ነው፤ ከውሃ ስታወጡት ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ቅጠሉም እንደ ሰም የሚያብረቀርቅ ከሆነ ተጠራጠሩ። አኑቢያስ ብቻ ነው ከዚህ ምልክት ውጪ የሆነው፤ እሱን ግን ራይዞሙ ያሳውቀዋል።

ከተክሉ ጋር ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር

መብራት ላይ ብዙ አታውጡ። ከመብራት መሸጫ የሚገኝ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ባለ 6500 ኬልቪን ነጩን ከነመከለያ ቆቡ ከላይ ብትሰቅሉ ለ54 ሊትር በቂ ነው። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ይመለስ፤ በገመዱ የወረደ ውሃ ሶኬቱ ውስጥ እንዳይገባ። ከመብራቱ ይልቅ ታይመሩ ይበልጣል። በቀን ሰባት ሰዓት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይብራ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚሽከረከረው ሜካኒካል ታይመር በጠፋው ሰዓት ልክ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ባትሪ ያለውን ዲጂታል ግዙ።

ፈሳሽ ማዳበሪያ ይጠቅማል፤ ግን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን የተሠራው ቶሎ ለሚያድጉ ተክሎች ጭምር ነው። በግማሹ ጀምሩ። ዓሣ የበዛበት አኳሪየም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሌለበትን ዓይነት ይፈልጋል፤ ሁለት ሦስት ዓሣ ብቻ ያለበት ደግሞ ያለበትን።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ ምትክ የሚሸጠውን፣ «ፈሳሽ ካርቦን» የሚባለውን ተዉት። ውስጡ ያለው ግሉታራልዴሃይድ ወይም የእሱ ዘመድ ነው፤ ለቆዳና ለዓይን አደገኛ፣ ሞስን የሚጎዳ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደርም ለእነዚህ ተክሎች ግዴታ አይደለም።

ማሰሮ ላይ ቀንድ አውጣ ለሚፈራ፣ 50 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለበት ተራ በረኪና በ950 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጡና አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ለሁለት ደቂቃ፣ በሰዓት ተይዞ፣ ይነከሩ። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁ፤ እጥፍ የክሎሪን ማጥፊያ ባለበት ባልዲ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቆዩ። ሞስ፣ ቦልቢቲስና ቡሰፋላንድራ በረኪና አይንካቸው።

እንደ የምትኖሩበት አገር

አዲስ አበባ ላይ ዋናው ጠላት ብርድ ነው። ያለ ሂተር የተቀመጠ አኳሪየም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ20 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን አይሞቱም፤ ይቆማሉ እንጂ። ክሪፕቶኮሪን ግን ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ ይቀልጣል። ባለ 50 ዋት ሂተር 24 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ ተዉት። የቧንቧ ውሃውን በጀሪካን ሞልታችሁ፣ አፉን ከፍታችሁ፣ አንድ ቀን ሙሉ ብታሳድሩት ክሎሪኑ ይወጣል። መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ፊልተሩ ከቆመ፣ ከማብራታችሁ በፊት ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ እጠቡት፤ ውስጡ የታፈነው ቆሻሻ ተመልሶ እንዳይገባ። ተክሎቹን የመብራት መጥፋት አያሳስባቸውም፤ ሁለት ቀን ጨለማ ቢቆዩ ለውጥ አይታይባቸውም።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ግን ውሃ አሳድሮ መጠቀምን እርሱት። የዲሲ ውሃ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ የሚታከመው በክሎራሚን፣ ማለትም ከክሎሪንና ከአሞኒያ በተሠራ ማጽጃ ነው፤ ክሎራሚን በአንድ ሌሊት አይበንንም። በየጸደዩ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ተራ ክሎሪን ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ሁለቱንም የሚያከሽፍ ማጥፊያ ዓመቱን ሙሉ ተጠቀሙ።

ባሕረ ሰላጤ አገሮች በበጋ ከጣራ ታንከር የሚወርደው ውሃ ትኩስ ነው። ቀድታችሁ ክፍል ውስጥ አቀዝቅዙት። ውሃው ከ30 ዲግሪ በላይ የሚቆይ ከሆነ ክሪፕቶኮሪንና ቦልቢቲስን ተዉና በአኑቢያስ ብቻ ቆዩ።

ግዢው ስንት ይሁን?

ለ54 ሊትር የምንመክረው ይህ ነው፦ ሁለት ትልልቅ ማሰሮ አኑቢያስ ናና ለፊትና ለመሐል፣ አንድ ጃቫ ፈርን «ዊንዴሎቭ» ለኋላ፣ አንድ ኩባያ ክሪፕቶኮሪን ለጠጠሩ፣ ትንሽ ሞስ። ሁሉንም በአንድ ቀን ማስገባት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አልጌ የሚበዛበት ጊዜ ነው፤ ዘገምተኞቹ ተክሎች ውሃ ውስጥ ያለውን ምግብ ቶሎ አይጨርሱትም። ለዚያ ጊዜ እፍኝ የሚሞላ ቶሎ የሚያድግ ርካሽ ተንሳፋፊ ተክል ጨምሩ፤ ምግቡን ይሻማል፣ ጥላም ይሰጣል። በየሳምንቱ ግማሹን እያነሣችሁ ጣሉ፤ ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ ግን በፍጹም፤ እምቦጭ ጣና ላይ ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን።

አኑቢያሱ ራይዞሙ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት፣ መክፈል ይቻላል። ከድንጋዩ ሳታላቅቁት፣ እዚያው እንዳለ፣ በየክፍሉ ቢያንስ አራት ቅጠል አስቀርታችሁ በምላጭ ቁረጡትና ሦስት ሳምንት ተዉት። ሁለቱም ወገን ከቁርጡ አጠገብ አዲስ ቡቃያ ሲያሳዩ፣ ልቅ የሆነውን ክፍል አንሥታችሁ ሌላ ድንጋይ ላይ አጣብቁ።